የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ ማን አነሳው?

የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የዓለማየሁን ፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ገና ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን በአገሩ ልብስ ሆኖ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ሳይታይ፣ ከዕድሜው በላይ በሆነ ዝምታ ተውጦ ይታያል። ምስሉ በመጽሐፍ፣ በጋዜጣና በስልክ መስታወት ላይ ሲመላለስ ከሥሩ የሚጻፈው ስለ መቅደላ፣ ስለ ስደቱና ዊንዘር ስለ ቀረው አፅሙ ነው። ይህ ሁሉ ሊጻፍ ይገባል። ነገር ግን ከካሜራው ኋላ ማን ቆሞ እንደነበር፣ ልጁን እንዲያ አድርጎ ያስቀመጠው ማን እንደሆነና ምን አስቦ እንዳስቀመጠው የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ከእንዲህ ያለ ምስል ግርጌ «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ተብሎ ሲጻፍ እንደ ነውር አይቆጠርም። እኔ ግን ነውር ነው እላለሁ። ፎቶግራፍ የታሪክ ማስረጃ የሚሆነው አንሺው ሲታወቅ ነው፤ አንሺውን ለማወቅ ደግሞ ተማሪው ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አለበት።

ጉዳዩን በዚሁ ሕፃን ፎቶግራፍ እንመርምረው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ፤ ልጁም በካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ሞግዚትነት ባሕር ተሻገረ። በዚያው ክረምት ንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት በነበራቸው በዋይት ደሴት ላይ ሁለት ባለሙያዎች ፎቶግራፍ አነሱት። አንዱ ጃቤዝ ሂዩዝ ሲሆን ሌላዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1815 ካልካታ ተወልዳ፣ በ48 ዓመቷ ከልጇ ካሜራ በስጦታ አግኝታ ሥራ የጀመረች ሴት ናት። ዛሬ በፎቶግራፍ ታሪክ ከታላላቆቹ ትቆጠራለች። ስሟን ያላወቀ ተማሪ እሷ ያነሳችውን ፎቶ እንደ መስኮት ያየዋል፤ በመስኮቱ በኩል ዓለማየሁ ብቻ ይታየዋል። ስሟን ይዞ መደርደሪያው ዘንድ የሄደ ግን መስኮቱ ራሱ የተቀባ መሆኑን ይረዳል።

ጁሊያን ኮክስና ኮሊን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2003 የካሜሮንን ፎቶግራፎች በሙሉ ሰብስበው በአንድ ትልቅ ጥራዝ አሳትመዋል። እንዲህ ያለው የሥራዎች ሙሉ መዝገብ የአንድን ምስል ወንድምና እህቶች አንድ ላይ ያስቀምጣል። ካሜሮን ጎረቤቶቿን፣ ዘመዶቿንና የቤት ሠራተኞቿን አልባሳት እያለበሰች ቅዱሳንን፣ የግጥም ገጸ ባሕርያትንና የጥንት ነገሥታትን ታስመስላቸው እንደነበር አንባቢው ገጽ በገጽ ያያል። በዚያው ዓመት ካፒቴን ስፒዲን በኢትዮጵያ ልብስ፣ ጦር አስይዛ፣ እንደ ተውኔት ተዋናይ አቁማ አንስታዋለች። እንግዲህ በዓለማየሁ ላይ የምናየው ልብስና አቀማመጥ ልጁ በቤቱ የነበረበት ሁኔታ ቀጥተኛ ምስክር አይደለም፤ አንዲት አርቲስት ባዘጋጀችው መድረክ ላይ የቆመ ነው። ካሜሮን ሥራዎቿን በለንደን የሥዕል ነጋዴዎች በኩል ትሸጥም ነበር። የአባትና እናቱ ሐዘን ገና ያልበረደለት ልጅ ምስሉ ገበያ የሚወጣ ዕቃ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ የታሪኩን ክብደት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ይጨምረዋል።

የሙያው ቴክኒክም የራሱ ምስክርነት አለው። ካሜሮን የምትሠራው ኬሚካል በተቀባ እርጥብ መስታወት ነበር፤ የሚነሳው ሰው አንዳንዴ ለደቂቃዎች ያህል ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ላይ ፈገግታ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ ከዓለማየሁ ፊት ላይ ሐዘንን ብቻ የሚያነብ ጸሐፊ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ያየኸው የልጁን ልብ ነው ወይስ የመስታወቱን ትእዛዝ? ልጁ እንዳዘነ ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ሐዘኑን በደብዳቤና በዘመኑ ጽሑፍ ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ ከፊቱ ላይ ቀድቶ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ሌላ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ሁለቱን መለየት ካልቻለ ምን ተማረ?

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። በሙስሊም አለባበስ የሚያሳያቸው ምስልም ከዚሁ ክስ ጋር ተያይዞ እውነተኛ ነው፣ የለም ተቀነባብሮ የተሠራ ነው እየተባለ ሲያከራክር ኖሯል። ይህን ክርክር ምስሉን ብቻ አፍጥጦ በማየት የሚፈታው የለም። ማን አነሳው፣ የት አነሳው፣ ማን አሳተመው፣ ለማን ተሰጠ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው መንገድ የሚከፍቱት። የታሪክ ተመራማሪዋ ኤስቴል ሶሂዬ እ.ኤ.አ. በ2011 በልጅ ኢያሱ አከራካሪ ምስሎች ላይ፣ በ2012 ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍን ለሥልጣናቸው እንዴት እንደተጠቀሙበት የጻፈቻቸው መጻሕፍት የተወለዱት ከእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ነው። የአርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች እንደነበሩ ያወቀ ተማሪ፣ «የንጉሡ ፎቶ» የሚለውን አጠራር ዳግመኛ እንደ ዋዛ አይጽፈውም። ከዙፋኑ ፊት ለፊት ሌላ ሰው ቆሞ ነበርና።

ቤተ መጻሕፍት ግን በሩን ለገባ ሁሉ ሀብቱን አይዘረግፍም፤ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የፎቶ አንሺውን ስም በካታሎግ ፈልጎ ያጣ ተማሪ «የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ይመለሳል። አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት ካሜራ በኢትዮጵያ ፖለቲካ ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልዛቤት ኤድዋርድስ ስለ ሥነ ሰብእ ፎቶግራፍ ባዘጋጀችው የብዙ ጸሐፊዎች ጥራዝ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ከሽፋኑ ላይ ኢትዮጵያ የሚል ቃል አይነበብም። እኚሁ ምሁር ከዴኒስ ጄራር ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ከ1867 እስከ 1935 ድረስ የተነሱ ፎቶግራፎች መጽሐፍ ደግሞ ወደ ብዙ ስሞች ይመራል። ስለዚህ ጉዞው ከአጠቃላይ ማጣቀሻ ይጀምራል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ ከታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ። ከዚያ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፉ የግርጌ ማስታወሻ ወደ መጽሔት፣ ከመጽሔት ወደ ዘመኑ ጋዜጣ፣ በመጨረሻም ወደ ፎቶው ይደርሳል፤ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማህተም ወይም የእጅ ጽሑፍ ሊገኝ ይችላልና። የኢትዮጵያውያን ስም በውጭ ካታሎጎች በአባት ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ የአርመንና የግሪክ ስም በላቲን ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነትም አንድን ፎቶ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊያሳስተው ይችላል። እነዚህን ወጥመዶች የሚያውቀው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው፤ እሱን መጠየቅ ደግሞ ራሱ የምርምር ሥራ ነው።

«ይህ ሁሉ ዛሬ በኢንተርኔት አለ፤ ከዋና ከተማ ርቆ የሚማር፣ ውድ መጽሐፍ የማያገኝ ልጅ ምን ያድርግ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያ በዚህ ዘርፍ ሳስቷል። ነገር ግን በኢንተርኔት ላይ ከሚገኘው ሁሉ የሚታመነው የቤተ መጻሕፍትና የሙዚየም ሥራ የሆነው ነው። በለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የካሜሮንን ምስሎች ከነሙሉ መዝገባቸው በነጻ አስቀምጧል። ልዩነቱ ያለው ምስሉን ብቻ ነጥቆ በመሄድና መዝገቡን በማንበብ መካከል ነው። መዝገቡን የሚያነብ ተማሪ በስልኩም ቢሆን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሌሎች ደግሞ ብዙ ማንበብ ዓይንን ያሳውራል፤ ፎቶ በዓይን የሚታይ እንጂ በወረቀት የሚተረጎም አይደለም ይላሉ። መልሱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ምስሉን ረጋ ብሎ ማየት፣ ቀጥሎ ማንበብ፣ ከዚያ ተመልሶ ማየት ይገባል። ሁለተኛው እይታ ከመጀመሪያው ካልበለጠ ንባቡ ከንቱ ነበር፤ ከበለጠ ግን ዓይኑ ተከፈተ እንጂ አልታወረም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚያስቀምጠው የቤተ መንግሥቱን፣ የተጓዡንና የድል አድራጊውን ካሜራ ነው፤ በየከተማው ሠርግና ክርስትና፣ የጉርድ ፎቶና የቤተሰብ ማስታወሻ ሲያነሱ የኖሩ የፎቶ ቤት ባለሙያዎች ስም ከየትኛው መደርደሪያ ላይ አለ? ትክክል ነው፤ ከብዙው የለም። ይሁንና ዝምታውን ለመለካት እንኳ መጀመሪያ መደርደሪያውን መፈተሽ ግድ ነው፤ ምን እንደጎደለ የሚያውቀው ያለውን የቆጠረ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ከየቤቱ የተሰበሰቡ የቤተሰብ ፎቶዎችን ወደ መጽሐፍ ሲያመጣ ይህ ክፍተት ሊሞላ እንደሚችል አሳይቷል። ስለ አንድ የሰፈር ፎቶ አንሺ የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወደ ወመዘክር ሲገባ፣ ለሚቀጥለው ተማሪ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ይሆናል።

ስለዚህ የታሪክ፣ የጋዜጠኝነትና የሥነ ጥበብ መምህራን ሊያደርጉት የሚገባው ትንሽ ነገር ነው፤ የአንሺው ስም ያልተጻፈበትን ወይም ስሙን ለማግኘት የተደረገው ፍለጋ ያልተገለጸበትን ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ አለመቀበል። ዩኒቨርሲቲዎችም የፎቶግራፍ መጻሕፍትን እንደ ቅንጦት ማየታቸውን ይተዉ። ዓለማየሁ በዚያ ክረምት ማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚለብስና ወዴት እንደሚመለከት የሚወስንለት ሌላ ሰው ነበር። ዛሬም «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ብለን ስናልፈው ያ ውሳኔ እንደተሰወረ ይቀራል። የወሰነውን ሰው ስም ፈልገን ከምስሉ ሥር ስንጽፍ ግን በልጁና በተጫነበት ልብስ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት እንጀምራለን።