አኩሪ አተር በአዩርቬዳ ሚዛን

ስለ አኩሪ አተር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ቁጥሩ ነው። ከደረቁ ፍሬ ከመቶ 36 ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ዘይቱ ከወጣለት ዱቄት የሚሠራው የሶያ ሥጋ ደግሞ ወደ 50 ይጠጋል። ሥጋ ለማይበላም ሆነ ለጿሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሕንዱ ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳ ግን ከሆድ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው አግኒ የሚለው የመፍጨት ኃይል ምግቡን ይችለው እንደሆነ ነው። እኔም ስለ አኩሪ አተር ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው ባይ ነኝ።

በርግጥ ዛሬ «አዩርቬዳ አኩሪ አተርን ከለከለ» የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው የሚናገሩት የራሳቸውን ግምት ነው። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ ከጥራጥሬ ሁሉ አብልጦ የሚያወድሰው ማሾን ነው። አኩሪ አተር በመካከለኛው ሕንድ፣ በተለይ በማድያ ፕራዴሽ፣ ማሳውን መሙላት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ የአዩርቬዳ ሐኪሞች አኩሪ አተርን ከሌሎች ጥራጥሬዎች ጋር አመሳስለው ለሆድ ከባድ፣ ቫታን ማለትም ነፋስን የሚያነሳ ነው አሉ።

ፍርዳቸው ከኬሚስትሪው ጋር ይገጥማል። በፍሬው ውስጥ ያሉትን ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ ስኳሮች የእኛ አንጀት መፍጨት አይችልም፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ሆድ ይነፋል። ጥሬው ፍሬ ፕሮቲን ፈጪውን ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገርም አለው፤ በደንብ ሲበስል ወይም ሲቆላ አብዛኛው ይጠፋል። ከሽሮ እህል ጋር ቆልተው የሚያስፈጩት እናቶቻችን ይህን በእጃቸው ያውቁታል።

ከሁሉ የሚማርከኝ የምሥራቅ ኔፓልና የሲኪም ሰዎች አሠራር ነው። ፍሬውን ዘፍዝፈው ይቀቅሉታል፣ በትንሹ ይከካሉት፣ በቅጠል ጠቅልለው ሙቅ ቦታ ያስቀምጡታል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያዎች ፕሮቲኑን መሰባበር ይጀምራሉ፤ ፍሬው ዝልግልግ ይላል፣ ሽታውም ይከብዳል። ኪኔማ የሚሉት ይህ ነው። የሆዱ ሥራ ግማሹ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ያልቃል ማለት ይቻላል። በሕንድ ሜዳማ አካባቢ ያሉ ባለሙያዎች ደግሞ የሶያውን ሥጋ በፈላ ውኃ ያርሱታል፤ ሲያብጥ አረፋማውን ውኃ ጨምቀው ይደፉና በነጠረ ቅቤ፣ በከሙን፣ በዝንጅብልና ሂንግ በተባለ የተክል ሙጫ ያቁላሉታል።

በብርጭቆ በጥብጠው የሚጠጡት የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት እንኳን ስኳሮቹ በአብዛኛው ስለወጡለት የሆድ መነፋቱ ይቀንሳል። የማልቀበለው ግራሙን ብቻ ቆጥሮ ለሁሉም ሰው እኩል ማዘዙን ነው። አዩርቬዳ እንደሚለው፣ ሆዱ ደካማ የሆነ ሰው በማሾ ቢጀምር፣ አኩሪ አተሩንም ጥቂት ጥቂት፣ በቀትር፣ ትኩሱን ቢበላው ይሻለዋል።

አዩርቬዳ የማይበቃበት ቦታም አለ። አኩሪ አተር ሌቮታይሮክሲን የተባለው የታይሮይድ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያውክ ይችላል፤ አለርጂ ያለበትን ሰው ደግሞ የትኛውም ቅመም አያድነውም። እነዚህ ሰዎች ሳህኑን ከማንሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።