ይድረስ ለአንጋፋው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ

ከአያቴ ስለሚበልጡ «አንቱ» ብዬ እጽፍልዎታለሁ። ጤናዎን አልጠይቅም፤ አይቼዋለሁና።

እኔ እንጀራዬ የሰርግ ፎቶ ነው። ቀን አነሳለሁ፤ ማታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አጠፋለሁ። ብጉር፣ ጠባሳ፣ የሚዜ ላብ፣ የእናት የግንባር መስመር፣ ሁሉንም። ደንበኞቼ የሚወዱኝም በዚሁ ነው። እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ለጥበብ ብዬ አልነበረም፤ ሙሽሮቹ «ቀዝቀዝ ሲል እንነሳለን» ብለው እስከ አሥር ሰዓት ስለለቀቁኝ ነው። ከከዚራ ሠፈር ጥላ ለጥላ ስሄድ በርዎ ላይ ደረስኩ።

የድሬ የቀትር ፀሐይ ለፎቶ አትሆንም፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነጣዋለች። ወርክሾፕዎ ውስጥ ግን ብርሃኑ በጎን ነበር የሚገባው። አንድ የቆመ ፉርጎ በር ላይ ዓይኔ ተተከለ። ከላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ፀሐይ ሰንጥቃው እንደ ደረቀ ረግረግ ተቆራርሷል። ከሥሩ ክሬም ብቅ ይላል፤ ከክሬሙ ሥር ቀይ አንቲረስት፤ ከዚያም ብረቱ ራሱ፣ የሸክላ ምጣድ መስሎ። ፍላሹን አጠፋሁ። ካሜራዬን ሞርሳ ላይ አስደግፌ ትንፋሼን ያዝኩ። እያንዳንዷ ልጣጭ ጥፍር የሚያህል ጥላ ጥላለች። ለአንዲት በር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ፤ ለሙሽራ እንኳ እንዲህ ቆሜ አላውቅም።

ታሪክዎን የነገሩኝ እዚያው ያገኘኋቸው ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለመሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስጠጋ አለና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ዙሪያውን የበቀለችው ከተማም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። እንግዲህ እርስዎን ከተማ አልሠራዎትም፤ ከተማዋን የወለዱት እርስዎ ነዎት። ሐዲዱ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ በሆነ ሐዲድ። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሪኩ ባቡር ተመረቀ። የእሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ኦቶራይ የሚሉትን የድሮውን ባቡር ጥሩምባ ሰምተው ያደጉ የድሬ ልጆች ስለዚህ ነገር ብዙ ባያናግሯቸው ይመርጣሉ።

ያን የተደገፍኩበትን ሞርሳ ልብ ብዬ ያየሁት ቆይቼ ነው። መላው አካሉ ዝጓል፤ እጀታው ብቻ እንደ ብር ይብለጨለጫል። የስንት ሰው መዳፍ ወልውሎት ይሆን? ለሁለተኛው ፎቶ እንዲያምር ብዬ ዙሪያውን አቧራ በመሐረብ መጥረግ ስጀምር ሽማግሌው ከኋላዬ፣

«አቦ ተወው! አቧራው ምን አደረገህ?» አሉኝ።

ተውኩት። ስለዚህች ቃል ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። አሁን ማታ ማታ የኮምፒውተሬ ቀስት የሙሽራ እናት ግንባር ላይ ሲደርስ «አቦ ተወው» የሚል ድምፅ ይመጣብኛል፤ እጄም ይመለሳል። አንዳንድ ደንበኛ ተቆጥቷል፤ አንዷማ ቀሪ ሂሳቤን ከልክላኛለች። ቢሆንም አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ዝገት ያምራል ማለት ከዝገት ደሞዝ ላልጠበቀ ሰው ቀላል ነው። ያን ቀን የኮራሁባትን ፎቶ፣ የፉርጎውን በር፣ በካሜራው መስኮት ለሽማግሌው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። «ያምራል» እንዲሉኝ ስጠብቅ ጣታቸውን ከታች ጥግ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ብሎን መቼ ላላች?» አሉ። ካሜራውን መልሰው ሰጡኝና መፍቻ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ።

አክባሪዎ፣
አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ