ማይሉ የማዳም አይደለም፤ የወኪሉም አይደለም

እህቶች፣ «ሼባ ማይልስ የነጋዴና የዲፕሎማት ነው» ማለት ይብቃን። ከቤይሩት አዲስ አበባ የሚበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማን ነው የሚሞላው? እኛው ነን እኮ! ትኬቱን ማዳም ትግዛው፣ ወኪል ይቁረጠው፣ ማይሉ የሚመዘገበው በከፋዩ ሳይሆን በተሳፋሪዋ ስም ነው። አባልነቱ በነፃ ነው፤ ብቻ ስምሽ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የመሳፈሪያ ካርድሽንም አትጣይ።

ጥቅሙ የሚታየው መርዶ ሲመጣ ነው። አዲስ አበባ ገብተሽ ቀብሩ ነገ ጎንደር ከሆነ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ልትደርሺ? በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከትንሽ ነው። በመጨረሻ ሰዓት ርካሹ ትኬት ያልቃል፤ ያን ጊዜ የተጠራቀመ ማይል ወገን ነው። እርግጥ ታክሱ ይከፈላል፤ በማይል የሚሰጥ ወንበርም ሁልጊዜ አይገኝም፤ የርካሽ ትኬት ማይል ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጉዞ ላይሞላ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አንቀበልም። ያልተሠራበት ማይል ጊዜው ያልፋል። ነጋዴ ሳይበር የሚቀረው ስላልፈለገ ነው፤ የብዙዎቻችን ፓስፖርት ግን ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ውል የመመለሻ ትኬቱን በአሠሪ ላይ ጥሎታል፤ ታዲያ ስንቷ ናት በጊዜዋ የሄደችው? ስለዚህ አየር መንገዱ ለኮንትራት ሠራተኛ የማይሉን ጊዜ ያርዝም። ልመና አይደለም፤ የላባችን ነው። እሑድ ዳውራ ስንገናኝ ያልተመዘገበች እንዳትኖር!