የቤት ሙያ፦ የሰያፍ ጥብጣብ አቆራረጥ

ከእንፍራንዝ አንዲት እህት የላከችልን ጥያቄ አጭር ነው። ለዒድ በሰፋችው የልጇ ቀሚስ አንገት ላይ የዞረው ጥብጣብ ተኮማትሮ ቆሟል፤ ምን ይሻላል?

ጥፋቱ የስፌቱ ሳይሆን የአቆራረጡ ይመስለናል። ብዙዎቻችን ጥብጣብ የምናወጣው ጨርቁን በክሩ አቅጣጫ ቀድደን ነው። ለቀጥታ ጠርዝ፣ ለምሳሌ ለትራስ ልብስ አፍ፣ ይህ ይበቃል። ነገር ግን ድሩም ሆነ ማጉ በርዝመቱ ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፤ አንገትና ብብት ደግሞ ክብ ናቸው። ጨርቁ በሰያፍ፣ ማለትም በድርና በማግ መካከል በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚንጋደዱ ጥብጣቡ ተለጥጦ ክቡን ይከተላል። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ሽመና ለዘመናት የብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች መተዳደሪያ ነበርና ይህን የሚያውቁ አባቶች አይጠፉም፤ ነጠላን በማዕዘኑ ይዞ መሳብ ብቻ ነው።

ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ ውሰዱ። የጥጥ ከሆነ አስቀድሞ ይታጠብ፤ ኋላ ይገባልና። አንዱን ማዕዘን ከተቃራኒው ጋር አጋጥማችሁ እጠፉት። እጥፋቱ ሰያፉ ነው። ዘርጉትና በቀጭን ሳሙና አስምሩበት፤ ከዚያም በግራና በቀኝ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ አስምራችሁ ቁረጡ። የሁሉም ጫፍ ወደ አንድ ወገን እንዲያዘነብል አስተካክሉ። ሁለቱን ጥብጣቦች ፊት ለፊት አድርጋችሁ በ90 ዲግሪ አጋጥሙና በተንጋደደው ጫፍ ላይ ስፉ። መጋጠሚያው በሰያፍ ስለሚሆን እብጠቱ በአንድ ቦታ አይከማችም። የሚባክነው ተቀንሶ ከዚያች ቁራጭ 5 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ለበርካታ የልጅ ቀሚስ አንገት ይበቃል።

ጥብጣቡን አራት እጥፍ ስታደርጉት 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ካውያውን አትጎትቱት፤ እያነሣችሁ ተጫኑት፤ አለዚያ ከመሰፋቱ በፊት ይለጠጣል። አንገት ላይ ሲሰፋ ጥብጣቡ ጥቂት ይሳብ። ወደ ውጭ በሚጎብጥ ጠርዝ ላይ ግን ላላ ይደረግ።

የእጅ ሸማ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ አሠራሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጫፉ ይተረተራል። አቡጀዲ ወይም ፖፕሊን ይሻላል። ባለመስመር ጨርቅ ደግሞ በሰያፍ ሲቆረጥ የሚሰጠው ውበት ሌላ ነው!

ጨርቅ ለልብስ ሰፊ ስትሰጡም ቀሚሱን ስትረከቡ ቁራጩን አብራችሁ ጠይቁ። የእናንተው ነው።