ከጉልቻ አጠገብ የሚጠፋው ሕይወት

በገጠር የምትኖር ሴትን ለሞት የሚዳርገው አደጋ ብዙ ጊዜ ከጎጆዋ ርቆ የሚገኝ አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት መከለያ የለውም። እናት ሕፃኗን አዝላ፣ የቀሚሷ ጠርዝ ለነበልባሉ ተጋልጦ፣ ጭሱ ዓይኗን እየጋረዳት እንጀራ ትጋግራለች። መሽቶ ኩራዝ ሲለኮስ ደግሞ ሌላ ክፍት እሳት ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱ ሲገምት፣ ሴቶች ይበልጥ የሚጋለጡት በክፍት እሳት ስለሚያበስሉና ልብሳቸው በቀላሉ ስለሚቀጣጠል መሆኑን ያመለክታል። ከምክንያቶቹ መካከልም ሰው ሆን ብሎ የሚፈጽመውን ጥቃት ይጠቅሳል።

የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ሁኔታ ከሁሉ የከፋ ነው። በሽታው ሲነሣባት እሳት ላይ ልትወድቅ ትችላለች፤ በለሃጭ ይተላለፋል የሚለው የተሳሳተ እምነት ደግሞ አጠገቧ ያለው ሰው ፈጥኖ እንዳያነሣት ያደርጋል። ክብሪት ጭሮ ለማሽተት የሚሯሯጥ እንጂ ከእሳቱ የሚያርቃት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በሽታው በንክኪ አይተላለፍም። ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ ክኒን ሳይቋረጥ ሲወሰድ በብዙ ሕሙማን ላይ በሽታው እንዳይነሣ ያደርጋል። ሕክምናው እስኪይዝላት ግን መጋገሩን ሌላ የቤተሰብ አባል ሊረከባት ይገባል። ባል ምጣድ ፊት ቢቀመጥ ነውር ነው የሚባለው ነገር ከሰው ሕይወት መብለጡ የሚያስገርም ነው።

ምድጃው የጠብም መነሻ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶ የሚሆኑት፣ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ምግብ ማሳረር ነበር። በዚሁ ጥናት ካገቡ ሴቶች መካከል ከሦስቱ የአንዷ ያህል ከባሏ ጥቃት ደርሶባታል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት የሚያስቀጣ ቢያደርግም፣ ከደጃፍ ያላለፈ ነገር ሕግ ፊት አይቀርብም።

ችግሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። የተቃጠለች ሴት ስትሞት «እሳት በላት» ተብሎ ቀብሩ ይፈጸማል። ወድቃ ይሁን ተገፍታ፣ የሚጠይቅ አይኖርም። የሞት ምዝገባ በአገሪቱ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ቢጀመርም፣ ቤት ውስጥ የሞተችን ሴት ጉዳይ ከመዝገብ ቀድሞ የሚያውቀው ዕድሩ ነው። ስለዚህ የዕድር ዳኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ አሟሟቷ ከቀብሩ በፊት ቢነጋገሩ ብዙ ነገር ይገለጣል።

ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን በዙሪያው ይከልላል። ለአርሶ አደሩ ሲተዋወቅ የሚነገርለት ግን የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ መቀነሱ ነው። በልማት ጣቢያ ሪፖርት ላይም የሚሰፍረው የተሠራጨው ምድጃ ብዛት እንጂ በቀበሌው ስንት ሴቶች እንደተቃጠሉ አይደለም።