የከባድ ቃላት አባዜ

ለአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና መዘጋጀት ሲታሰብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው የቃላት ዝርዝር ነው። በቴሌግራም የሚዞሩት ፒዲኤፎች «ባንድ 8 የሚያስገኙ ቃላት» የሚል ርዕስ ተለጥፎባቸው እንግሊዝኛውን በግራ፣ የአማርኛ ፍቺውን በቀኝ ይደረድራሉ። ተፈታኙም ሌት ተቀን ሲሸመድድ ይከርማል፤ «ሜኒ» ብሎ መጻፍ ነውር ሆኖበት «ፕሌቶራ» ይላል። ይህ ልማድ ጊዜ ማባከን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ነጥብም ያስቀንሳል።

የጽሑፍ ፈተናው የሚታረመው በአራት መስፈርቶች ነው፦ ለጥያቄው የተሰጠው ምላሽ፣ የሐሳብ ፍሰትና ትስስር፣ የቃላት አጠቃቀም እና ሰዋስው። እያንዳንዳቸው እኩል ሩብ ይይዛሉ። እርግጥ ነው፣ ባንድ 7 በሚባለው የውጤት ደረጃ ላይ ብዙም ያልተለመዱ ቃላትን መጠቀም ይጠበቃል፤ የዝርዝር ሻጮችም የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። የማይጠቅሱት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ቃሉ ከጽሑፉ ለዛና አብረውት ከሚሄዱት ቃላት ጋር መስማማት አለበት። እንዲያውም ተሸምድደው ያለቦታቸው የተሰነቀሩ ሐረጎች በባንድ 4 መግለጫ ላይ እንደ ድክመት ተቆጥረዋል።

የኛ ተፈታኝ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ምርምር ማድረግ» የሚለው በአእምሮው ስላለ «ሜክ ሪሰርች» ብሎ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛው ግን «ዱ» ወይም «ኮንዳክት» ይላል። ወንጀል ላይ ሲደርስ ደግሞ «ኮሚት» ማለት ሲገባው «ዱ ኤ ክራይም» ይላል። እነዚህን ቃላት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ የማያውቀው ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው። በዚህ ላይ «መንግሥት ፕሌቶራ ትምህርት ቤቶች ይገንባ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲጨምርበት፣ ቃሉ ከልክ ያለፈ ብዛትን ስለሚያመለክት፣ አራሚው የሚሰማው «ከሚያስፈልገው በላይ ይገንባ» የሚል ምክር ነው። «ሜኒ» ቢል ማንም ነጥብ አይቀንስበትም ነበር።

«የንባብ ፈተናውስ? ያለ ቃላት ክምችት እንዴት ይታለፋል?» የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። የቋንቋ ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰላው የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰቦች (አንድ መነሻ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው) ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ይህ አኃዝ የሚመሰክረው በዝርዝሩ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ክምችት በረጅም ንባብ እንጂ በሁለት ወር ሽምደዳ አይመጣም። ቅደም ተከተሉም ተገልብጧል። ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚያዊ ቃላት ዝርዝር 570 ቤተሰቦች ብቻ ኖረውት ከአካዳሚያዊ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። «ፋክተር»፣ «አናላይዝ»፣ «ሲግኒፊካንት» የመሳሰሉት ናቸው፤ ማለትም በእንግሊዝኛ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በመማሪያ መጽሐፎቹ ላይ በየገጹ የሚያገኛቸውና በግማሽ የሚያውቃቸው። ግማሹን ሳይሞሉ ወደ ብርቅዬዎቹ መዝለል ምን የሚሉት ዝግጅት ነው?

ሌሎች ፈተና አዘጋጆችም ብርቅዬ ቃላትን ከመፈተን ርቀዋል። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቃራኒ ቃል ጥያቄዎቹን ሲያስወግድ፣ የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲም እ.ኤ.አ. በ2016 ብርቅዬ ቃላትን መፈተኑን ተወ። ዝርዝሩ እኛ ዘንድ የጸናው በጠቀሜታው ሳይሆን ለመሸጥ ርካሽ፣ ለመቁጠርም ቀላል ስለሆነ ነው። «ዛሬ አርባ ቃል ያዝኩ» ማለት ይቻላል፤ አንድ ድርሰት አርሞ ስህተቱን ማሳየት ግን የመምህር ሰዓት ይፈጃል፤ ሰዓቱ ደግሞ ያስከፍላል።

«ለፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ሌላ ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው እንኳ የተሻለ ሥራ አለ። በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃላት ይጻፍ፤ ከዚያ ግሱና ስሙ የተጣመሩበት ቦታ ሁሉ ይሰመርበት፤ እያንዳንዱም ጥንድ ለተማሪዎች በተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ምሳሌ ይመሳከር። የተሳሳቱት ጥንዶች የራሱ ዝርዝር ይሆኑለታል፤ ያንን ቢያጠና አልከራከርም።