ቅድሚያ ከፊት ላለው

ልጆች ይዞ ዱባይ የሚሄድ ቤተሰብ ስኪ ዱባይን ሳያዩ መመለስ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሞል ኦፍ ዘ ኤምሬትስ ውስጥ የተከፈተው ይህ ቦታ፣ ደጁ በሙቀት ሲነድ ውስጡ ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ዴንቨር ለሚሄዱም የኮሎራዶ ተራሮች ሩቅ አይደሉም። ሻንጣ ስናዘጋጅ ታዲያ የምንጨነቀው ስለ ጓንትና ስለ ወፍራም ካልሲ ነው። ከልብሱ እኩል ሊታሰብበት የሚገባው ግን የቁልቁለቱ ሕግ ነው።

ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን አሥር የሥነ ምግባር ደንቦች አሉት። ሁሉንም በቃልዎ መያዝ ባይችሉ እንኳ አንዱን አይርሱ፦ ከኋላ የሚመጣ ሰው ከፊቱ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል።

ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ይህ ትንሽ ግር ሊለው ይችላል። እኛ ጋ ክላክስ ያደረገ ሁሉ መንገዱ የእሱ ይመስለዋል። በረዶ ላይ ግን «ዞር በሉ!» ብሎ መጮህ ምንም መብት አይሰጥም። የሚንሸራተት ሰው ዓይኑ ወደ ታች ነው፤ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውም ግራና ቀኝ እየታጠፈ ነው። መቼ እንደሚታጠፍ፣ መቼ እንደሚወድቅ ከኋላው ያለው አያውቅም። ስለዚህ ማለፍ የፈለገ፣ ፊተኛው በድንገት ቢዞር እንኳ የማይነካካበትን ሰፊ ርቀት ትቶ ያልፋል።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ያደርሳል። ተዋናይት ግዊኔት ፓልትሮው እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ዩታ ግዛት በስኪ ላይ ሳለች ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭታ ነበር። ክሱ በ2023 ሲታይ ካከራከሩት ዋና ጉዳዮች አንዱ «ከላይ የነበረው ማን ነው?» የሚለው ነበር። ጥፋተኛው ከሳሹ ሆኖ ተገኘና ለእሷ የጠየቀችው 1 ዶላር ተፈረደላት።

ለልጆችዎ እነዚህንም ይንገሯቸው፦

• ማረፍ ሲፈልጉ ዳር ይያዙ። ጠባብ ቦታ ላይ ወይም ከላይ የሚመጣ ሰው በማያያቸው ስፍራ አይቁሙ። ከወደቁም ቶሎ መንገዱን ይልቀቁ።
• እንደገና ከመነሳታቸው በፊት ወደ ላይ ይመልከቱ።
• በእግር ሲወጡም ሲወርዱም በዳር ይሂዱ።
• ቀለሞቹን ይለዩ። በአሜሪካ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ጥቁር ለጎበዝ ነው። በአውሮፓ በሰማያዊና በጥቁር መካከል ቀይ አለ።
• ሄልሜት ያድርጉ። ሄልሜት ግን ጭንቅላትን ለመከላከል እንጂ ለመፍጠን ፈቃድ አይደለም።

አደጋ ሲደርስ ጥሎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ደንብ መጣስም ነው። የተጎዳውን መርዳት፣ የነፍስ አድን ሠራተኞችን መጥራት፣ ስምና አድራሻ መስጠት ይገባል፤ የዓይን ምስክር የሆነም እንዲሁ።

እርስዎም ልጅዎን ወደ ቁልቁለቱ ከመልቀቅዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ከፊትህ ያለው ልጅ አሁን ቢወድቅ መቆም ትችላለህ?» መልሱን ካመነታ፣ የዚያን ቀን ቦታው አስተማሪ ያለበት የጀማሪዎች ሜዳ ነው። ከላይ ሆነው የሚመጡት እርስዎ ከሆኑም፣ ያው ጥያቄ ለእርስዎም ነው።